የመስዑድ የሞት ወረቀት

ባሕር ዳር ውስጥ የሞት ወረቀት ማውጣት የፈለገ ሰው ከማዘጋጃ ቤት በፊት የሚሄደው ጦይባ ዘንድ ነው። ጦይባ ቢሮ የላትም። ያላት ሐይቁ ዳር፣ ታንኳዎቹ ከሚቆሙበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዓሣ የምትሸጥበት የሣንቃ መደብ ነው። ልጇ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰላት እናት፣ ባሏ ለስብሰባ ተጠርቶ በዚያው የቀረባት ሴት፣ የአባታቸው ቤት በስማቸው አልዞር ያላቸው ወንድማማቾች፣ ሁሉም እዚያ ይመጣሉ። እሷም የአምባዛውን ሆድ ዕቃ እያወጣች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ሁልጊዜ የምታስቀድመውን ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ሬሳውን ያየ አለ?»

የፊት ጥርሶች ስለሌሏት ቃሉ እያፏጨ ነው የሚወጣው። ሰዎቹ ይደነግጣሉ። ተቀይማ የምትመለስም አለች፤ «ለምን መጥቼ አዋየኋት» እያለች። እኔ ግን ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ዛሬ በሕይወት ቁጭ ብዬ የታንኳ ደንገል የማስረው በእሱ ሰበብ ነው። ስሜ ቃሲም ኑርሑሴን ይባላል። ጦይባ የታላቅ ወንድሜ የመስዑድ ሚስት ናት።

ጦይባ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ ነበርና በሐር ባይሆንም በደህና አቡጀዴ ተጠቅልላ ያደገች ናት። ለወንድሜ ተድራ ስትመጣ ዓሣ ሲሸታት አፍንጫዋን ትይዝ ነበር። እናታችን «ይቺማ እስከ ረመዳን አትቆይም» ብላ ነበር። ቆየች። ቆይታም ደንገል መምረጥ፣ ማድረቅና ማሰር ተማረች። በእኛ ዘንድ ታንኳ መሥራት የወንድ ሥራ ነውና ጎረቤቱ ተረባት፤ «ታንኳውን ነው ወይስ ባልሽን የምታስሪው?» አሏት። «ታንኳውን ነው፤ ባሌማ ሳላስረውም የትም አይሄድ» አለች። መስዑድ ይህን ሰምቶ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

መስዑድ እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነበር። ሳቂታ፣ ወሬኛ፣ ውሃ ላይ ሲሆን ደግሞ ከዓሣው የማይለይ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አካሉም ያውቀው ነበር። አካሉ ከአብዮቱ በፊት አናጢ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እጁ የተባረከ ነበር። ለበዓል ወደ ዘጌ የሚሻገረው በመስዑድ ታንኳ ነው። ውሃ አጥብቆ ይፈራ ስለነበር መሐል ሐይቅ ሲደርሱ ዓይኑን ጨፍኖ የወንድሜን ሸሚዝ ጨምድዶ ይይዝ ነበር። መስዑድ ደግሞ ይህን መንደር ለመንደር እየተረከ ሰው ያስቅበት ነበር። አካሉ የረሳለት አይመስለኝም።

ከዚያ ፲፱፻፸ ዓ.ም. መጣ። አካሉ መጋዙን ጥሎ ጠመንጃ አነሣ፤ አብዮት ጥበቃ የሚሉትን የታጠቀ ጎረምሳ ከኋላው አሰለፈ። ጧት ጧት መንገድ ዳር ሬሳ ተጥሎ ይገኝ ጀመር፤ ደረቱ ላይ «አናርኪስት ነበርኩ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎበት። ማንሣት ክልክል ነው። መቅበር ክልክል ነው። ማልቀስ ክልክል ነው። አንዲት እናት የልጇን ሬሳ እያየች፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ወደ ገበያ ስታልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ ሴት ያን ቀን ምን እንደሸመተች አላውቅም።

መስዑድን ያስገደለው እምቢ አለማለቱ ነው። ሁለት የሚታደኑ ተማሪዎች አሻግረን ብለው ለመኑት፣ አሻገራቸው። «ልጆች ናቸው እኮ፣ ጫማ እንኳ እግራቸው ላይ የለም» ብሎ ነበር ሲነሣ። አንድ ሰው አይቶ ለቀበሌው ነገረ። ወንድሜ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ባዶ ታንኳውን እየቀዘፈ ሲመለስ አካሉና ሰዎቹ ዳር ካለው ዋርካ ሥር አድፍጠው ጠበቁት። ተኮሱ። መስዑድ ደንገሉ ውስጥ ወደቀ። ሬሳውን ለማውጣት እስከ ደረት ውሃ ውስጥ መግባት ያስፈልግ ነበር፤ አካሉ ደግሞ ውሃ ይፈራል። ሰዎቹ ፊት መፍራቱን እንዳያሳይ «ይደር፤ ጧት ይወጣል፤ የት ይሄዳል!» ብሎ መልሷቸው ሄደ።

ሬሳው ግን ሄደ። ጎህ ሲቀድ እኔና ጦይባ ደረስንለት። ከግራ ትከሻው በታች የገባችው ጥይት በጀርባው ቀድዳ ወጥታለች፤ ጆሮውንና ከንፈሩን ዓሣ ጀምሮታል። ጦይባ የቀረውን ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችና «ያዝ በእግሩ በኩል» አለችኝ። ዳር ዳሩን በእኔ ታንኳ ሳብነውና ሼህ ሙሀመድዘይን ቤት አደረስነው። ሼሁ ጎረቤታችን፣ የቁርኣን መምህራችን፣ የሠፈሩን ሙት ሁሉ አጣቢ ነበሩ። አንድ ጥያቄ አልጠየቁንም። አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ሰገዱበት። ፀሐይ ሳትሞቅ ከጓሯቸው ኋላ ካለችው ጉብታ ላይ ቀበርነው። በእኛ ሃይማኖት ጀናዛ አይቆይም፤ ቶሎ መቅበር ለሙቱ ክብር ነው።

አፈር ስንመልስ ጦይባ አፏን ከፈተች። ድምፁ ሳይወጣ ሼሁ መዳፋቸውን አፏ ላይ አደረጉ። «ሶብር፣ ልጄ፣ ሶብር፤ ቻይው። ሙት በጩኸት ይጨነቃል። የኛ ሰው አይጮህም» አሏት። ዋጠችው።

ያን ጧት ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር። መንገድ ዳር እንዳይጣል፣ ካርቶን እንዳይንጠለጠልበት፣ ውሻ እንዳይጎትተው አደረግን ብለን እርስ በርሳችን ተያየን። እንኳን ቶሎ ቀበርነው ተባባልን። ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ ያስገደለው ይኸው ችኮላችን ነው፤ እኔንም ለጥቂት።

አካሉ ረፋድ ላይ ሰው ሰብስቦ ሲመጣ ደም የነካው ደንገልና ባዶ ታንኳ ብቻ ጠበቀው። ከአውራጃ የመጣ አንድ ካድሬ አብሮት ነበር፤ ሬሳ ሊያሳየው ነበር የጠራው። ካድሬው ደንገሉን አየ፣ አካሉን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። «የገደልከው ሰው ተነሥቶ ሄደ በለኛ!» አለው። የአካሉ ጎረምሶችም ሳቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድሜ በመንግሥት ዘንድ የሸሸ ሰው ሆነ። የሸሸ ሰው ደግሞ ዘመድ አለው። እኔን ከቤት ጎትተው ወሰዱኝ።

ቀበሌው ውስጥ ያደረጉኝን በጥቂቱ ልናገር፤ በብዙው አልችልም። እጅና እግሬን አንድ ላይ አስረው በጉልበቴ ሥር አጣና አሳልፈው በሁለት ጠረጴዛ መሐል ሰቀሉኝ። ይህን ወፌ ላላ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው ሰው ሲስቅ ነው ያወጣው። የውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ሲመቱት መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል፣ ከዚያ ደግሞ አጥንቱን ነው የሚያገኙት። አፌ ውስጥ የጠቀጠቁት ጨርቅ የሌላ ሰው ደም ጠረን ነበረው። ሲያወጡልኝ «ሞቷል!» እላለሁ። «የት ተቀበረ? ማን ቀበረው?» ይላሉ። ይህን ብመልስ ጦይባና ሼሁ አጠገቤ ይሰቀላሉ፤ አናርኪስት የቀበረ ከአናርኪስት አይለይም ነበርና። «ሐይቁ ወስዶት ይሆናል» ብዬ ዝም። እንደገና ጨርቁን ይጠቀጥቁታል።

አብረውኝ አንድ የትምህርት ቤት መምህርና አንድ ልብስ ሰፊ ታስረው ነበር። መምህሩ ቁስሌን በሽንቱ ያጥብልኝ ነበር፤ ሌላ መድኃኒት አልነበረንም።

እኔ እዚያ ስገረፍ ጦይባ የመሥሪያ ቤት ደጅ ትጠና ነበር። መስዑድ መሞቱን የሚናገር ማህተም ያለው ወረቀት ብታመጣ እኔን ለመያዝ ምክንያት አይኖራቸውም ብላ አሰበች። የሞተ ሰው እጁን አይሰጥም፤ በእሱ ፈንታ የሚታሰርም አይኖርም። አሳቧ ትክክል ነበር። እንዲህ ቀላል የመሰላት ወረታ ያደገች የነጋዴ ልጅ ስለሆነች ነው፤ ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ አለው ብላ።

መጀመሪያ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደች፤ ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚጽፍ አንድ ሽማግሌ።

«በምን ሞተ ልበል?» አላት።

«በጥይት በል።»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣ። «እኔ የልጆች አባት ነኝ፣ እመቤቴ። በድንገት ልበለው።»

በድንገት የሚለውን ይዛ የቀበሌው ጸሐፊ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ገባች። ሀብተ ሥላሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ያን ዓመት ልዩነቱ ለእኛ ብዙም አልጠቀመንም። ማመልከቻውን አንብቦ «አንቺ ሞተ ትያለሽ፤ እኔ ዘንድ ያለው ሸሸ ነው» አላት። «የሸሸን ሰው እንዴት አድርጌ ሞተ ብዬ ልጻፍ? አንገቴን ነው እኮ የምትጠይቂኝ። ከማዘጋጃ ቤት የሞት ማስረጃ አምጪና አያይዘዋለሁ።»

ማዘጋጃ ቤት የልደትና የሞት መዝገብ የያዘችው ወለተ ሚካኤል የምትባል፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። «ቀበሌው ሳይጽፍልን እኛ አንመዘግብም» አለች። «ቀበሌው ከማዘጋጃ ቤት አምጪ አለኝ» አለቻት ጦይባ። «እንግዲያው የሐኪም ወረቀት።» ሆስፒታል ስትደርስ «ሬሳ ሳናይ?» ብለው ሳቁባት። ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ «ይህ የቀበሌ ጉዳይ ነው» ብለው በሩን እንኳ ሙሉ አልከፈቱላትም። እግሯ አቧራ ለብሶ ተመልሳ ወለተ ሚካኤል ፊት ቆመች። አልተቀመጠችም፤ አላለቀሰችም። ዝም ብላ ቆመች፤ ቢሮው እስኪዘጋ።

ወለተ ሚካኤል በመጨረሻ ተነሥታ በሩን ገፋ አደረገችው። «እኅቴ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የገዛ ወንድሜን እኔም አልመዘገብሁት። መዝገቡ ይኸውና እጄ ላይ ነው፤ እስክሪብቶው ይኸውና። አጥንቱ የት እንዳለ ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍ? አንቺ ሬሳ ካለሽ ሬሳውን ውሰጂላቸው። እነዚህ ሰዎች ከሬሳ ሌላ የሚያምኑት ነገር የለም።»

ጦይባ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ አካሉ ዘንድ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ አስቀምጦ እራት ይበላ ነበር።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ባሌ ሞቷል። ሞቷል ብለው ይጻፉልኝና ቃሲምን ይልቀቁልኝ» አለችው።

አካሉ ጉርሻውን ሳይውጥ ጮኸባት። «መሞቱን አንቺ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው? የመታሁት እኔ ነኝ! ከግራ ትከሻው ዝቅ አድርጌ! ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ! ግን የታለ? የታለ ሬሳው? እዚህ አገር መሳቂያ ሆኛለሁ፤ ውሻው ሁሉ ይስቅብኛል!» ሳህኑን ገፍቶ ጣለው። «ነገ ቅዳሜ ካድሬው ለሰልፉ ይመጣል። ወይ መስዑድን ከነነፍሱ፣ ወይ ሬሳውን አምጪ። ካላመጣሽ ቃሲምን በእሱ ቦታ አቆመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወረቀት ትጠይቂኛለሽ።»

ጦይባ ሼህ ሙሀመድዘይን ቤት ስትደርስ ሰግደው እየተነሡ ነበር። አካሉ ያላትን ነገረቻቸው። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች፦ «ላወጣው ነው፣ ሼሁ። እርስዎ የቀበሩት እንዳይመስል ከፈኑን ገፍፌ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ። ሐይቁ መለሰው እላለሁ።»

ሼሁ የሰገዱበትን ምንጣፍ ማጠፍ ጀመሩ። የተቀበረን ሰው መቃብሩን መክፈት እንኳን ለእሳቸው ለማንኛችንም የሚታሰብ አይደለም። ያጠቡትን ገላ፣ የሰገዱበትን ጀናዛ፣ ወደ ቂብላ አዙረው ያስተኙትን ሰው ቆፍሮ ማውጣት! ጦይባ እምቢ ይሉኛል ብላ ወደ ጓሮው መሄድ ጀመረች። ከኋላዋ የአካፋ ድምፅ ሰማች።

«ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አወጣዋለሁ» አሏት። «የሞተው ከአላህ ዘንድ ነው፤ ምንም አያደርጉትም። ያልሞተውን እናትርፍ።»

ያወጡትን ሥጋ አልገልጽም። ጦይባም የነገረችኝ አንዴ ነው፤ ቆዳው ከፈኑ ላይ ተጣብቆ አብሮ ይመጣ እንደነበር ብቻ። ሼሁ ጨርቁን እያረጠቡ፣ እያባበሉ ገፈፉት። አጣጥፈው በብብታቸው ያዙት። መስዑድን ራቁቱን ተሸክመው ወረዱና በዚያው በወደቀበት ደንገል ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርገው፣ ለቀቁት። ሼሁ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ዱዓ አደረጉ። ቅዳሜ ጧት ጦይባ ወደ ቀበሌው ሄዳ «ሐይቁ ባሌን መልሶታል፤ ኑ አውጡት» አለች።

ረፋድ ላይ ገበያው ለሰልፍ ተጠራ። ሻጭም ገዢም በዱላ እየተነዳ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። መምህሩን፣ ልብስ ሰፊውንና እኔን የቀበሌው መጋዘን ግድግዳ ሥር አቆሙን። እኔ መቆም ስለማልችል ሁለቱ በብብቴ ይዘውኝ ነበር። ካድሬው ስለ አብዮት ጠላቶች ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሕዝቡ ግራ እጁን እያነሣ መፈክር መለሰ። ከዚያ መምህሩን ከብብቴ አላቀቁት። ልብስ ሰፊውንም። እኔ ተንሸራትቼ መሬት ተቀመጥኩ። ተኩሱ ከጆሮዬ አጠገብ ነበር። የመምህሩ ራስ ጉልበቴ ላይ ወደቀ፤ ዓይኑ ገና ይርገበገብ ነበር። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት «እ» ብላ ጀመረች፤ ሌሎች አፏን ያዟት።

በዚያው መሐል የአካሉ ጎረምሶች ሬሳውን በእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ። ሕዝቡ ከሽታው ሸሽቶ መንገድ ከፈተ። ጦይባ ከጋሪው ኋላ ትሄድ ነበር፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

አካሉ ሮጦ ደረሰ። ሬሳውን በእግሩ ገልብጦ ጣቱን ከግራ ትከሻው በታች ባለው ቀዳዳ ውስጥ ከተተ። «ይኸውና! ይኸውና የእኔ ጥይት! አላልሁም?» አለ። ፊቱ የሠርግ ቤት ፊት ነበር።

ካድሬው በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ አጎነበሰ። «ፊት የለውም እኮ። የማንም ሬሳ ሊሆን ይችላል፤ ሐይቁ ሞልቶታል» አለ። ከዚያ ጦይባን አያት። «ይቺ ሚስቱ ናት?»

«ናት፣ ጓድ።»

«ታዲያ ለምን አታለቅስም?»

ካድሬው የመጣበትን አገር አላውቅም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ደረቷን ስትደቃ፣ ፊቷን ስትቧጥጥ ነው የሚያውቀው። ሶብር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሽጉጡን አወጣና የጦይባን ፊት እያየ፣ ሬሳውን ሳያይ፣ ሁለት ጊዜ ተኮሰበት። የወንድሜ ደረት ተነሥቶ ወረደ። ጦይባ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አላቆመም። ድምፅ አላወጣችም።

«አየህ?» አለ ካድሬው ወደ አካሉ ዞሮ። «የሰው ባል ነው ይዛልህ የመጣችው። መስዑድ አንድ ቦታ ተቀምጦ እየሳቀብህ ነው።» በሽጉጡ ወደ እኔ አመለከተ። «ጨርሰው።»

ጦይባ ያን ቀን ሁሉንም ነገር አድርጋ ነበር። መቃብር ከፍታለች፣ ከፈን ገፍፋለች፣ የባሏን ሥጋ ለጠላቱ አምጥታ ሰጥታለች። አንድ ሳታደርገው የቀረችው ማልቀስ ነው፤ እኔንም የሚያስገድለኝ ይኸው ሆነ።

አካሉ ጠመንጃውን አቀባበለ። ግን አልተኮሰም። እኔን ቢገድል መስዑድ ለዘላለም ሳይሞት ሊቀርበት ነው። ዞሮ የጦይባን ነጠላ ጨምድዶ ይዞ ነቀነቃት። ማልቀስ ክልክል ነው እያለ ስንቱን ቤት የሰበረው አካሉ፣ አረፋ እየደፈቀ «አልቅሺ!» አለ። «አልቅሺ እንጂ አንቺ! ባልሽ አይደለም? አልቅሺ!»

ጦይባ ሕዝቡ ዳር ወደ ቆሙት ወደ ሼህ ሙሀመድዘይን ተመለከተች። ሼሁ ጥምጥማቸውን ወደ ዓይናቸው ጎትተው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ መሬት ተቀምጬ፣ የመምህሩ ራስ ጉልበቴ ላይ።

ከዚያ ጮኸች። እኔ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ጉብታው ላይ የዋጠችው ሁሉ ነው የወጣው። ነጠላዋን ቀደደች። ፊቷን በጥፍሯ ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ጋሪው ላይ ወጥታ ያንን የፈራረሰ ሥጋ አቀፈችው። «መስዑዴ! ዋ መስዑዴ! ታንኳህ ዳር ቆማለች፣ ማን ይቅዘፋት! መስዑዴ፣ አልጮኽሁልህም ነበር፣ አፌን ይዤ ሸኘሁህ፣ ይቅር በለኝ!»

ካድሬው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «በቃ፣ በቃ። እሱ ነው። ጻፉላት» አለ። ሀብተ ሥላሴ በርሜል ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ መስዑድ ኑርሑሴን በዛሬው ዕለት በአብዮታዊ ርምጃ መሞቱን ጻፈ፤ አካሉ ፈረመበት፣ ማህተሙን ተፋበትና መታ። «እንግዲህ ዝም በይ» አላት።

ጦይባ ዝም አላለችም። የመምህሩ እናት ከሕዝቡ መሐል ወጥታ ተቀበለቻት። የልብስ ሰፊው ሚስት ተከተለች። ከዚያ አንዲት ከእህል ተራ፣ አንዲት ከቅቤ ተራ፤ ያን ዓመት ሙሉ ልጆቻቸውን አልፈው ወደ ገበያ የሄዱት ሁሉ። አብዮት ጥበቃዎቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ ጩኸቱ ባሰ። ካድሬው ላንድሮቨሩ ውስጥ ገብቶ ሄደ። አካሉ ብቻውን ቀርቶ «አልኩሽ እኮ በቃ!» እያለ በጠመንጃው ሰደፍ አፏን ደጋግሞ መታት። ጥርሶቿን ከደም ጋር ተፍታ ቀጠለች። እኔ በክርኔ እየተሳብኩ ጋሪው ሥር ደርሼ እግሯን ያዝኩ። ማንም አልከለከለኝም። እንዲህ ነው የተፈታሁት።

መስዑድን በዚያው ቀን በዚያችው ጉብታ መልሰን ቀበርነው። ሼሁ ያንኑ ከፈን አጥበው አለበሱት። ሰኞ ጦይባ አፏ አብጦ፣ በምልክት እያወራች፣ ወረቀቱን ወለተ ሚካኤል ፊት አኖረች። ወለተ ሚካኤል ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ነበረች፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። መስዑድን መዝገቡ ላይ አሰፈረች። ቀጥላም ከሥሩ ባለው መስመር የራሷን ወንድም ስም ጻፈች፤ ማንንም ሳትጠይቅ።

አካሉን በሚቀጥለው ዓመት የራሱ ሰዎች በሉት። ሚስቱ ወረቀት ፈልጋ እዚያ የሣንቃ መደብ ዘንድ ስትመጣ እኔ አጠገቡ ታንኳ አስር ነበር። እኔ ብሆን በአምባዛ ራስ ነበር ፊቷን የምላት። ጦይባ ግን ቀና ሳትል «ሬሳውን ያየ አለ?» አለቻት። የለም ነበር። እጇን ታጥባ ተነሣችና አብራት ሄደች። ለዚህ ዛሬም ከእሷ ጋር እጣላለሁ።

ሼህ ሙሀመድዘይን አምና ሊያርፉ ሲሉ ጦይባ ታስታምማቸው ነበር። ለዓመታት ስትፈራው የኖረችውን ያን ጊዜ ጠየቀቻቸው። «ሼሁ፣ ያ ገበያ ላይ የጮኽሁት፣ ከአላህ ዘንድ ይያዝብኛል?»

ሼሁ ለመናገር አቅም አልነበራቸውም። ጆሮዋን ወደ አፋቸው እስክታስጠጋ ጠበቁ።

«እኔም ጮኼ ነበር፣ ልጄ፤ ከአንቺ ጩኸት የተነሣ ማንም አልሰማኝም።»